ሆዷ ለባባ እናት የማይነበብ ዶክትሬት



በዚህ ግቢ ስለ ዶክትሬት የሚወራውን ወሬ ሰብስቦ ለመረመረ ሰው ነገሩ ከሁለት አይዘልም። አንደኛው ወገን «ዶክትሬት ማለት ደመወዝ ነው፤ በሠርግና በለቅሶ ዶክተር እገሌ ተብሎ ከፊት መቀመጥ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሥነ ልቦና የጠገበ አገር ጨዋታ ነው፤ እኛ ጸበልም ወዳጃም ሽማግሌም አለን፤ መጀመሪያ እንጀራ!» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱ ሲከራከሩ ያመሻሉ፤ ቡናውም ይቀዘቅዛል። ትምህርቱ የማንን ጥያቄ ሊመልስ ነው የሚማሩት ብሎ የሚጠይቅ ግን ከሁለቱም ወገን አልተገኘም።

ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም የተጻፈ ነው። ይበልጡን ግን የተጻፈው ለሦስተኛው ሰው ነው፤ ከዚህ ከመካነ ሰላም ተመርቆ፣ ማስተርሱን ይዞ፣ አንድ ቀን በሥነ ልቦና ዶክትሬት ለማመልከት በልቡ ለያዘ ወይም ለያዘች ተማሪ። የምለውም አጭር ነው፦ ለተጠናው ሰው በራሱ ቋንቋ መልሳችሁ ልትነግሩት በማትችሉት ጥናት አታመልክቱ። ተቀባዮቹም እንዲህ ያለውን ማመልከቻ አይቀበሉ።

«አንተ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነህ፤ በሥነ ልቦና ምን ጥልቅ አደረገህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። መልሴ ቀላል ነው። የሰው ጭንቅ የሚሰማው በቃል ነው፤ ቃል ደግሞ የእኛ ክፍል ጉዳይ ነው። ልቦናን በቃል የሚጠይቅ ሁሉ፣ ወደደም ጠላ፣ በእኛ ደጅ ሳያልፍ አይሄድም።

፩

ማመልከቻው ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ላስረዳ። በአገራችን ለዶክትሬት የሚያመለክት ሰው አስቀድሞ ማስተርስ ሊኖረው ይገባል። ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ያመጣው ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተጨምሯል። ከዚያ በኋላ ትራንስክሪፕት፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የክፍሉ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ ይከተላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የጥናቱ ሐሳብ፣ ፕሮፖዛል የሚባለው ወረቀት ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛ ይጻፋል።

ወደ አሜሪካ የሚያመለክት እንደሆነ መንገዱ ይለያል። እዚያ ብዙዎቹ የሥነ ልቦና ዶክትሬት ትምህርቶች ባችለር ያለውን በቀጥታ ይቀበላሉ፤ የተቀበሉትንም ብዙ ጊዜ ከክፍያ ነፃ አድርገው ድጎማ ይሰጡታል። ነገር ግን በብዙው ቦታ ተማሪውን የሚመርጠው አንድ መምህር ነው። ጥያቄህ ከመምህሩ ጥያቄ ጋር ካልገጠመ ውጤትህ ምንም ያህል ቢያምር በሩ አይከፈትም። ስለዚህ አመልካቹ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ጥያቄውን በሰው ልክ መስፋት ይጀምራል።

የእኛን አካባቢ ችግር ደግሞ ማን ይነግራችኋል? ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው። በሐምሌ 2015 ማብቂያ በክልላችን ጦርነት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ደሴ ለመድረስ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አለ፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ። በሌላ ከተማ ያለ እኩያችን ከአልጋው ሳይወርድ በአንድ ሌሊት የሚጨርሰውን የእኛ ሰው ስንቅ ቋጥሮ ነው የሚጨርሰው።

ይህ በደል ነው፤ በደል መሆኑንም ደጋግሞ መናገር ይገባል። እኔ ዛሬ የምጣላው ግን ከመንገዱ ጋር ሳይሆን ከወረቀቱ ጋር ነው። መንገዱም ተከፈተ እንበል፤ ኢንተርኔቱም መጣ። እዚያ ሁሉ መከራ አልፎ የሚላከው ወረቀት ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?

፪

ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ይህ ነው፦ «የእንትንና የእንትን ዝምድና በእንትን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ»። መጠይቁ ከውጭ ይወርዳል፤ በሁለት ሌሊት ይተረጎማል፤ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ተማሪ ይበተናል። ተማሪው ምሳ እንዳያመልጠው «በጣም እስማማለሁ» የሚለውን ከላይ እስከ ታች ያከብበዋል። ቁጥሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፤ ዝምድናም ይወጣል። እኛ ራሳችን እንዲህ ያለውን ወረቀት ስንቴ ሞላን! ውጤቱን ከእኛ መካከል ማን ሰማ?

ሀቁን ለመናገር በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ጄፍሪ አርኔት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመው ጽሑፍ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 በስድስት ታላላቅ የአሜሪካ የሥነ ልቦና መጽሔቶች የወጡትን ጥናቶች መርምሮ ከተጠኚዎቹ 96 ከመቶ ያህሉ ከምዕራባውያን ባለ ኢንዱስትሪ አገሮች መሆናቸውን አሳየ፤ 68 ከመቶው ከአንዲት አሜሪካ ብቻ ነው። እነዚያ አገሮች በአንድነት የዓለም ሕዝብ 12 ከመቶ ናቸው። እንግዲህ መጽሐፉ «ሰው እንዲህ ያስባል፣ ሰው እንዲህ ያዝናል» ሲል የትኛውን ሰው ነው የሚለው? የቀረነው 88 ከመቶ ምን ነን?

ደግሞም የትምህርቱ አባት የሚባለው ሰው ራሱ እንዲህ አላለም። ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕሲግ ቤተ ሙከራውን ከፈተ፤ በየመማሪያ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የምናገኘው ይህን ነው። ኋላ ግን እስኪሞት ድረስ ለሃያ ዓመት ስለ ቋንቋ፣ ስለ አፈ ታሪክና ስለ ልማድ አሥር ቅጽ መጽሐፍ ሲጽፍ ኖረ። ከፍ ያለው የሰው ሐሳብ በቤተ ሙከራ ብቻ አይያዝም፤ ሕዝቡ ቋንቋውና ልማዱ ውስጥ መፈለግ አለበት ማለቱ ነበር። ልጆቹ ቤተ ሙከራውን ወርሰው አሥሩን ቅጽ መደርደሪያ ላይ ተዉት።

፫

«ቢሆንም ሰው ሰው ነው፤ ጥሩ መጠይቅ በደንብ ከተተረጎመ የትም ይሠራል» የሚል አለ። ለዚህ ሰው ከአገራችን አንድ ምስክር ልጥራለት።

እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ ኤድንብራ የተዘጋጀ አሥር ጥያቄ ያለው መለኪያ አለ፤ የወለደች እናት ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት እንዳለባት ለማወቅ የተሠራ ነው። ይህ መለኪያ ወደ አማርኛ ተመልሶ በሁለት ቦታ ተፈተነ። አዲስ አበባ ላይ የተደረገው ፈተና እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ፤ መለኪያው ደህና አድርጎ ሠራ። ቡታጅራ ገጠር ላይ የተደረገው ደግሞ ቀደም ብሎ በ2008 ታትሞ ነበር፤ እዚያ መለኪያው የተጨነቀችውን ካልተጨነቀችው በቅጡ መለየት አቃተው። እዚያ የተሻለው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሃያ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያ ጥያቄውም «ራስሽን ያምሻል ወይ?» የሚል ነው።

ልብ በሉ! ቋንቋው ያው አማርኛ ነው። አገሩም አንድ ነው። አንዷ እናት ከተሜ፣ ሌላዋ ገጠሬ ስለሆነች ብቻ የአንዷ ጭንቀት ታየ፣ የሌላዋ ተሰወረ። ያን መጠይቅ ሳይፈትን ቡታጅራ ላይ በትኖ ቢሆን ኖሮ አንድ አመልካች ምን ብሎ ዶክትሬቱን ይጽፍ ነበር? የፈተኑት ግን ጠየቁ፤ ጠይቀውም ስላገኙት እናከብራቸዋለን። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ሲደርስ የደከመ መለኪያ ዓባይን አሻግሮ ከሚያየው ከቦረና፣ ከሳይንት፣ ከወግዲ ተራራ ላይ ሳይፈተን ቢበተን ምን ይሆናል?

ከዚያው ከቡታጅራ ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለማግኘት ከ68 ሺህ የሚበልጥ ሰው ቤት ለቤት ተጠየቀ። ከመጠይቁ ጎን ለጎን ግን አጥኚዎቹ የየመንደሩን ዐዋቂዎች «እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ዐዋቂዎቹም መጠይቁ ያላገኛቸውን ሕሙማን ጠቆሙ። የገጠር ሰው ሳይንስ አይገባውም የሚል ካለ ይህን ይስማ። ሳይንሱ የሳተውን ያገኘው የገጠር ሰው ነው።

ይህን የመሰለ ሥራ ከየት ተነሣ ብትሉ ከአንድ አመልካች ጥያቄም ጭምር ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሲሠሩ የያዙት ርእስ የገጠር ኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ነበር፤ የቡታጅራን ሰው ጭንቀት፣ የጫትና የመጠጥ ነገር ይዘው ነው ስዊድን የሄዱት። እሳቸው የሥነ አእምሮ ሐኪም እንጂ የሥነ ልቦና ሰው አይደሉም፤ ነገሩን ግን ያስረዳልኛል። ዶክትሬቱ ከውጭ ይሁን፤ ጥያቄው የቤት ይሁን። ያን ጊዜ እዚህ አገር የሥነ አእምሮ ሐኪም የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናው የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታልም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለመላው አገር ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦናም ሆነ በአእምሮ ጤና ዶክትሬት ይሰጣል። በሩ ቀርቧል። ይዘን የምንገባበት ጥያቄ ነው የራቀው።

፬

አሁን ወደ ክፍላችን ጉዳይ፣ ወደ ቃሉ ልምጣ።

ለአንዲት የቦረና እናት «ባለፉት ሰባት ቀናት ድባቴ ተሰምቶሽ ያውቃል?» ብትሏት ምን ትመልሳለች? «ኧረ እኔስ እንጃ ልጄ» ትላለች። እናንተም «የለባትም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እሷ ግን ልጇ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ሆዷ እንደባባ ነው። ማታ ማታ አንጀቷ ይላወሳል። ጎረቤት ስታማ ሆድ ይብሳታል። ይህን ሁሉ የሚጠይቅ መስመር ወረቀቱ ላይ የለም።

ሥነ ልቦና የሚለው ስም ልብን ይዞ ሆድን ትቷል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ከልቡ ባልተናነሰ በሆዱ ነው የሚያዝነው። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴን በላኝ፣ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ የሆዴን ላጫውትህ። እነዚህን ደርድሮ «ሁሉም ማዘን ማለት ነው» የሚል ተርጓሚ አማርኛ አያውቅም። ሆዴ ባባ ያለ ሰው የሚናፍቀው ነገር አለው፤ አይዞህ ሲሉት ነው የሚያለቅሰው። ሆድ ባሰኝ ያለ ሰው ግን ከሳሽ ነው፤ የበደለው አለ፣ ወይም የተወው አለ። አንደኛው የሚፈልገው ሰው ነው፣ ሁለተኛው ፍርድ። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ያስገባ ጥናት ናፋቂውንና ተበዳዩን አንድ መድኃኒት ሊያጠጣቸው ነው።

«ሆድ ይፍጀው» የሚለውማ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ተናግሮ ከመናቅ ይዞ መቃጠል ይሻላል ማለት ነው። ይህን ሲባል ያደገ ሰው መጠይቅ ሲመጣለት ለምን እውነቱን ይናገራል? ዝምታው መልስ መሆኑን የሚያውቅ አጥኚ ያስፈልጋል። ያ አጥኚ ደግሞ ቃሉን በእናቱ ጀርባ ሆኖ የሰማ ቢሆን ይመረጣል።

የእኛን ልቦና ሌሎች አልጻፉትም ማለቴ አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ የዛርን ነገር አጠና። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ከጎረቤታችን ከመንዝ ተነሥቶ የአማራን ጠባይ በፍሮይድ መነጽር ጭምር ተመለከተ። አለን ያንግ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ቁራኛ ጻፈ። ደክመው ሠርተዋል፤ ሥራቸውንም አንብቦ መከራከር ይገባል። ነገር ግን ያ የመንዝ ገበሬ ስለ ጠባዩ የተጻፈውን ሰምቶ «እዚህ ላይስ ተሳስተሃል» የሚልበት ቀን አልተሰጠውም። የውጭ ሰው ይህን ባያደርግ እንረዳዋለን። የራሱን አያት አጥንቶ ለአያቱ የማይነግር የእኛ ሰው ግን ምን ይባላል?

፭

ሁለተኛውን ወገን፣ «ጸበልና ወዳጃ አለን» ባዩን ረስቼው እንዳይመስለው። እውነት ነው፣ አለን። ወሎ ውስጥ ጭንቅ ያለበት ቤት ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዱዓው ይወርዳል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን ይላል። ሆድ የባሰው ሰው ብቻውን አይተውም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ሕመምተኛም አለን፤ እሱንም አብሮ መቁጠር ነው። ወዳጃው ማንን ያሽራል፣ ማንንስ አያሽርም? ጸበል ላይ ያለ ሰው ክኒኑን ሲያቋርጥ ምን ይሆናል? አባጋሩ ደም ካደረቀ በኋላ የገዳይና የሟች ቤተሰብ በአንድ ገበያ ሲውሉ በሆዳቸው ምን አለ? ወንድሜ፣ «አለን» ብለህ ዘጋኸው እንጂ ይህ እኮ ነው ዶክትሬቱ!

ጥያቄ ጠፋ የሚል ካለ ደግሞ ዙሪያውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ሳዑዲ ዓረቢያ ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ከእነሱ ስንቷ የወሎ ልጅ ናት! ተመልሳ የመጣችው ልጅ እናቷ ቤት እንዴት ተኛች? በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ሕፃን የነበረ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ምን ይሰማዋል? በዚያው ዘመን በመላ አገሪቱ ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሰው፣ ብዙው የወሎ ሰው፣ ወደ ምዕራብ ለሰፈራ ተጫነ፤ የቀረው ዘመድ ምን ብሎ ለልጁ ነገረ? በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ፣ በኅዳር ሲለቀቁ የሸሸውና ያልሸሸው ጎረቤት ዛሬ እንዴት ሰላም ይባባላል? ይህን ሁሉ ትቶ የተማሪን ስልክ አጠቃቀም ከፈተና ውጤት ጋር የሚያዛምድ ሰው፣ ነገሩ ጥያቄ አይደለም አልልም፤ ግን ቤቱ እየተቃጠለ የጎረቤትን አጥር ይለካል።

፮

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ የዶክትሬት አመልካች ከእንግሊዝኛው ፕሮፖዛል ጋር አንድ ገጽ ይጨምር። ገጹ ሊያጠናው ባሰበው ሰው ቋንቋ የተጻፈ፣ ያ ሰው ሲነበብለት የሚገባው ይሁን። የአማርኛ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ የሚጠናው ኦሮሞ ከሆነ በኦሮምኛ፣ አፋር ከሆነ በአፋርኛ። ሁለተኛ፦ በቃለ መጠይቁ ላይ «የትኛውን መለኪያ ትጠቀማለህ?» ከሚለው በፊት «ውጤቱን ለማን መልሰህ ትነግራለህ?» ይባል። ሦስተኛ፦ ጥናቱ ሲያልቅ ለተጠኚዎቹ መነበቡና እነሱም ያሉት ነገር በድርሳኑ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ይሁን። የሰው ምሥጢር ይውጣ አልልም፤ የግለሰቡ ተጠብቆ የጋራው ይነገር።

«ዓለም አቀፍ መጽሔት አማርኛ አይቀበልም፤ የውጭ ገምጋሚም አያነበውም» ይሉኛል። እንግሊዝኛውን ማን ከለከለ? ሁለት መቶው ገጽ በእንግሊዝኛ ይቆይ፤ እኔ የምጠይቀው አንድ ገጽ ነው። «ይህ ተራ ማጠቃለያ ነው፤ ምን ለውጥ ያመጣል?» ይሉኝ ይሆናል። ያመጣል። ያን አንድ ገጽ ለመጻፍ የሚሞክር ሰው «ድባቴ» ያለበት መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይቆማል። ምን ብዬ ልበላት ይላል። ያቺ ብዕሩ የቆመችባት ቦታ ናት ጥናቱ የሚጀምርባት።

ለአንደኛው ወገን፣ ለደመወዝ ባዩ፣ ብዙ አልናገርም። ደመወዝ መፈለግ ነውር አይደለም፤ ሁላችንም የምናሳድገው ታናሽ፣ የምንረዳው ቤት አለን። ነገር ግን ማዕረጉ የሚከበረው ሰው ከደጅህ መጥቶ «እስቲ ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅህ መልስ ካለህ ነው። መልስ የሌለው ዶክተር ለቅሶ ቤት ከፊት ቢቀመጥም ቦታ ከማጣበብ አያልፍም።

አንተ አመልካች፣ አንቺም አመልካች፤ ፕሮፖዛላችሁን ጨርሳችሁ ለመላክ ስትዘጋጁ አንድ ቀን አቆዩት። ወስዳችሁ ለአንዲት እናት በአማርኛ ንገሯት። «ይኸማ የኔው ነው ልጄ» ካለች ላኩት። «ምን ማለት ነው?» ካለች ቁጭ ብላችሁ እንደገና ጻፉ።